የኔታ የነገሩት ኮድ

ትናንት ልጄ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ስታፈጥ አገኘኋት። “አባዬ፣ የቅናሽ ኮዱ እምቢ አለኝ! ጓደኛዬ ጠዋት በዚሁ ነው ትኬት የቆረጠችው!” አለችኝ።

“አልቆ ይሆናላ” አልኳት።

“ኮድ ደግሞ እንደ ጠላ ያልቃል እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ። ያልቃል እንጂ! እኔ ይህን ያወቅሁት በየኔታ ጥበቡ ዓይን ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አጥቼ፣ ደብረ ታቦር አጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት እውል ነበር። ትኬት በኢንተርኔት መቁረጥ ገና ብርቅ ነው። የኔታ በጋፋት በኩል ባለች አንዲት ደብር የሚያስተምሩ፣ ለእኔም ፊደልና ዳዊት ያስቆጠሩ መምህር ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ የመጽሐፉን መስመር በጣታቸው መከተል ጀምረው ነበር። አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ተማሪያቸው ደጅ ጠንቶ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዘላቸው፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ። “ይቺ ካመለጠች ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ ዓይኑ ደግሞ አይጠብቅም” አለኝ በስልክ። ብቻቸውን መሄድ አይችሉም፤ እኔ መምራት አለብኝ። የሁለት ሰው መሳፈሪያ ግን ከየት ይምጣ?

እግዜር ሲረዳ፣ አንድ አዲስ የአውቶቡስ ድርጅት ለመተዋወቂያ ብሎ ኮድ አወጣ። ኮዱን አስገብቶ አንድ ትኬት ለቆረጠ ሁለተኛው በነፃ ነው። ጉዞው ረቡዕ፣ ኮዱ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከየአውድማው ጭድ እየበነነብኝ፣ በእግሬ ሄጄ አበሠርኳቸው።

“ቃሉ ምንድር ነው?” አሉኝ። አንዴ ነገርኳቸው፣ ያዙት። መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃሉ ለያዘ ሰው እሷ ምን አላት!

በእኛ አገር ማኅበር ላይ፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። በሬ የጠፋበት ይናገራል፤ ጠበል መፍለቁን የሰማ ይናገራል። የኔታም በዚያው ዕለት ማኅበር ነበረባቸውና ተነሥተው ኮዱን ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር አወጁት። ለጥምቀት የመጣው የአዲስ አበባ እንግዳ ደግሞ ቤቱን ሞልቶታል፤ ሁሉም ተመላሽ ነው፤ ሁሉም ስልክ አለው።

ሰኞ ጠዋት መብራት የለም። ረፋዱ ላይ መጣልኝና ኮዱን አስገባሁ። “የተፈቀደው የተጠቃሚ ቁጥር ሞልቷል” አለኝ። ደገምኩ፤ ያው ነው። ወደ ታች ወርጄ ብፈልግ፣ የጉንዳን እግር በምታህል ፊደል፣ ለጥቂት ቀዳሚዎች ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። አንድ በነፃ የሚለውን ግድግዳ አሳክለው የጻፉ ሰዎች ይህን ለማን ብለው ነው የደበቁት? በሙሉ ዋጋ ልቁረጥ ብል ወንበር የለም። የሌሎቹም አውቶቡሶች ተይዘዋል።

እየሮጥኩ ሄድኩ። “የኔታ፣ ለሰው ነገሩ እንዴ?”

“አዎ፣ ለማኅበሩ። ምነው?”

“ለጥቂት ሰው ብቻ እኮ ነው!”

“እንዴ! በጎ ነገር ሰምቼ ልዋጠው ኖሯል?”

ወሬው ሲሰማ እህል ነጋዴው አቶ ምናለ በኮዱ የቆረጣቸውን ሁለት ትኬቶች ይዞ ከች አለ። “የእኔ ጉዳይ ይደርሳል፤ የኔታ በእኔ ይሂዱ” አለ። ለድርጅቱ ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ሴት አነሣች።

“እህቴ፣ ስሙን ብቻ ቀይሩልን” አልኳት።

“በኮድ የተቆረጠ ትኬት ለሌላ ሰው አይተላለፍም ጌታዬ።”

“በቃ ሙሉውን ዋጋ እንክፈል፤ ሰው ያዋጣል።”

“ወንበሩ ተይዟል።”

“የያዘው ሰው እኮ አጠገቤ ቆሞ ልልቀቅ እያለ ነው!”

“ሲስተሙ አይፈቅድም።”

እውነቴን ነው፣ ሲስተም ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በጥፊ አጮለው ነበር። ረቡዕ ማለዳ ተስፋ አልቆርጥ ብዬ የኔታን መናኸሪያ ወሰድኳቸው። ተቆጣጣሪው መታወቂያቸውን ከስልኩ ጋር አስተያየና “አባቴ ይቅርታ፣ ስምዎ የለም” አለ። ለመንኩት፣ ጮህኩበት። አቶ ምናለም እንቢኝ አልሳፈርም አለ። አውቶቡሱ ሁለት ባዶ ወንበር ይዞ ሄደ።

ሁለተኛው ቀጠሮ የተገኘው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ “ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ” አለ። ስንመለስ አላስችል አለኝና “የኔታ፣ ያን ቀን ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ዛሬ ያዩ ነበር!” አልኳቸው።

“ልክ ነህ ልጄ፣ ዛሬ ዓይኔ ያይ ነበር” አሉ። “ግን የማንን ፊት ደፍሬ አያለሁ?”

ይህን ለሰው ስነግር ሁሉም ይደነቃል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔን ግን አያጽናናኝም። የኔታ ይህን መልስ ከሚመልሱልኝ፣ መጽሐፋቸውን ቢያነቡልኝ እመርጥ ነበር። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ “እንዴት ዋሉ የኔታ?” ስል ድምፄን ለዩት። ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉና መረቁኝ፤ ፊታቸው ግን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ምሰሶው ነበር።