የፊት ግራ ጎማ

ሰፈሩ «ጋሽ ሸራ» ይለዋል፤ የመኪና ፍሬን ሸራ ሲቀይር አርባ ዓመት ሞልቶታል። ሌላው መካኒክ የሚያውቀው በዘይት የሚሠራውን ፍሬን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በብረት ዘንግ እየተጎተተ ጎማ የሚይዝ ፍሬን ያለው የጥንት መኪና ከመጣ ግን ሁሉም ጣቱን ወደ እሱ ጋራዥ ይቀስራል።

አንድ ማለዳ የባለ መድኃኒት ቤቱ ልጅ አንዲት አሮጌ መኪና አስጭና መጣች። ጋሽ ሸራ የተሸፈነችበት ላስቲክ ሳይገለጥ አወቃት። የልጅቷ አባት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወፍጮ ቤቱ ቁልቁለት ላይ ከግንብ ጋር የተላተመው በዚህችው መኪና ነው። «ራሱን ስቶ ነው» ተብሎ ተቀበረ። ከአደጋው አራት ቀን በፊት ፍሬኑን ያስተካከለው ደግሞ ጋሽ ሸራ ነበር።

«እማዬ አንዴ በሷ ልሂድ ትላለች» አለች ልጅቷ። «ሞተሩንና አካሏን አሠርተናል። ፍሬኑን ግን ከእርስዎ ሌላ የሚነካው የለም አሉን።»

እምቢ ማለት ይችል ነበር። «ተዪያት፣ አያታለሁ» አለ።

መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በግንድ ላይ አሳረፋት። ሸራውን የሸፈኑትን ክብ ታምቡሮች አወለቀ፤ ሸራው ተልጎ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሞላው ዝጓል። ዘንጎቹን ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ እየፈታ መጥቶ ፊት ግራ ጎማው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዘንጉን ከፍሬኑ ጋር የሚያያይዘው ፒን ቦታው ላይ የለም። ሲፈልግ ከሥር ባለው ቆርቆሮ ላይ ወድቆ አገኘው። በጫፉ ቀዳዳ ገብታ የምትታጠፍና ፒኑን የምትቆልፍ ቀጭን ሽቦ መኖር ነበረባት። ቀዳዳው ውስጥ ስባሪዋ እንኳ የለም፤ የሞላበት እሱ ራሱ የቀባው ግራሶ ነው። ሽቦዋ ተሰብራ አልወደቀችም፤ ድሮውኑ አልገባችም።

ፍሬኑን ያስተካከለበት ቀን ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ሟቹ አጠገቡ ቆሞ ስለ አንድ ደንበኛው ያወራለት ነበር። «የጆሮ ጠብታውን ጠጥቶት መጣ እኮ! አሁን በሆዴ መስማት ጀምሬያለሁ አይለኝ መሰለህ?» ጋሽ ሸራ እየሳቀ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። በዚያው ሽቦዋን ረሳት።

ለሚስቱ ነገራት። «አፍህን ያዝ!» አለችው። «ማንም ያላወቀብህን ምን አስለፈለፈህ? ሠርተህ ስጣት፣ አለቀ።»

ሠራ። አዲስ ሸራ መታ። ሸራው ታምቡሩን ነክቶ ጎማው እስኪከብድ አጠበቀው፤ መልሶ በነፃ እስኪዞር ድረስ ብቻ አላላው። ዘንጎቹን የለካቸው መጨረሻ ላይ ነው፤ አራቱም ጎማ እኩል እንዲይዝ። ባዶ መንገድ ላይ አፍጥኖ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ግራም ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች።

እናትና ልጅ ሊወስዷት ሲመጡ ፒኑን በጨርቅ ይዞ ጠበቃቸው።

«እትዬ» አለ፣ «ባለቤትዎ ራሳቸውን አልሳቱም። የፊት ግራው ፍሬን ተፈትቶ ነው። ሲረግጡት ቀኙ ብቻ ያዘና መኪናዋ ወደ ግንቡ ወሰደቻቸው። መቆለፊያዋን ሳላስገባ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እናቲቱ ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ያን ለት ጠዋት ተጣልተን ነበር» አሉ። «ዓይንህን አልይ ብዬው ነው የወጣው። ሆን ብሎ የገባበት መስሎኝ... አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ የገደልኩት መስሎኝ!»

ጋሽ ሸራ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በእጃቸው መለሱት። «ተው። ይቅርታ አትጠይቀኝ። ያኔውኑ መጥተህ መኪናዋን ብታያት ምን ነበረበት?»

ያኔ ሄዶ ማየት ፈርቶ ነበር።

እሳቸውም በዚያች መኪና አልሄዱም። ልጃቸው ደግፋ በታክሲ ወሰደቻቸው። መኪናዋ ጋራዡ በር ላይ ሦስት ሳምንት ቆማ፣ እንደ አመጣጧ ተጭና ሄደች።

ወሬው ለመዛመት ጊዜ አልፈጀበትም። ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ፤ ጋራዡም ተዘጋ። ጋሽ ሸራ አሁን የእንጨት መሸጫ ዘበኛ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ጣውላ ልትገዛ መጣችና በሩን ሲከፍትላት ተፋጠጡ። ሰላም አላለችውም። ስትወጣ ግን ቆም አለች።

«እማዬ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።