ዳፍንትና የዶሮዋ እርግማን

ልጅ ሳለሁ ጀምበር ስትጠልቅ ዓይኔም አብሯት ይጠልቅ ነበር። ቀን ቀን ከመካነ ሰላም ማዶ ያለውን ገደል ሳይቀር አያለሁ፤ ሲመሻሽ ግን ቤታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የሚቀረኝ የምድጃው ፍም ብቻ ነው፤ እሱም በጭሱ መሀል እንደ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ። በአገራችን ይህን ዳፍንት ይሉታል።

ተረት የሚነግሩን የአባቴ አጎት አያ እንድሪስ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እኛ ዘንድ ገብተው ከምድጃው አጠገብ ያለው መደብ የሳቸው ሆኗል። ያኔ ማታ ማታ ፊታቸውን ማየት ስለማልችል ለኔ አያ እንድሪስ ማለት ያ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅና ጭስ ጭስ የሚል ጋቢያቸው ነበር። አዘውትረው የሚነግሩን የዶሮዋን ተረት ነው። አንዲት ልጅ እናቷ ለገበያ ያስቀመጠችውን እንቁላል ሰርቃ ትበላለች። ዶሮዋም ቆጥ ላይ ሆና «ልጄን እንደበላሽብኝ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እንደኔ ዓይንሽ ይጥፋ» ብላ ትረግማታለች። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ እየዳበሰች ትኖራለች። ተረቱ ሲያልቅ ወንድሞቼ ወደ እኔ ዞረው እንደሚስቁ በድምፃቸው አውቅ ነበር።

እኛ ቤት እንቁላል አይበላም፤ መካነ ሰላም ገበያ ወርዶ በጨውና በሳሙና ይለወጣል። በዚያ ክረምት ግን ከዶሮዋ ማደሪያ እንቁላል ይጠፋ ጀመር። እናቴ ማንንም አልጠየቀችም፤ ሌባዋ ማን እንደሆነች ተረቱ ነግሯታል። በአለንጋ ስትገርፈኝ «ወላሂ አልበላሁም» ብላት «ዓይንሽ እየመሰከረብሽ?» አለችኝ።

እኔ ግን የማላየውን እሰማለሁ። ወንድሞቼ በጎቹን ሊያስገቡ፣ እናቴም እንጨት ልታመጣ ስትወጣ እኔና አያ እንድሪስ ብቻችንን እንቀራለን። ረመጡ ይጫራል። ቆይቶ ቅርፊት ቀስ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ማላመጥ፣ ከዚያ ሳል። ከአመድ ጋር የተቀላቀለ የእንቁላል ሽታ አፍንጫዬ ሥር ይደርሳል። አንድ ማታ «አያ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አልኳቸው።

«ላባ ነው፤ እሳት ገብቶ ነው» አሉኝ፣ አፋቸው እንደሞላ።

ከዚያ ወዲያ ያ ለስላሳ ድምፅ ተረት ሲጀምር በሰማሁ ቁጥር አፌ ምራቅ ይሞላብኝና ያቅለሸልሸኝ ጀመር።

አንድ ምሽት በር ፍለጋ ስደናበር እግሬ ረመጥ ውስጥ ገባ። በማግስቱ እናቴ አዝላኝ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች እንዴት እንደተቃጠልኩ ስትጠይቅ እናቴ አንገቷን ደፍታ «ማታ ማታ አታይም፣ እህቴ። እንቁላል እየሰረቀች በልታ ነው» አለች።

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። «እንቁላል ብትበላማ ዓይኗ ባልጠፋ ነበር።»

ከዚያም አስረዳቻት። ዓይን በጨለማ ለማየት ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር ይፈልጋል፤ እሱም በእንቁላል አስኳል፣ በጉበት፣ በወተት፣ በጎመንና በካሮት ይገኛል። እንጀራ በሽሮ ብቻ እየበላ የሚያድግ ልጅ ያጥረዋል። ችላ ከተባለ ዓይኑ ይደርቅና ቀንም ማየት ይሳነዋል፤ ሰውነቱም በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። ይህን እየተናገረች የአንዲት ቅባት ያዘለች የቫይታሚን እንክብል ጫፍ በመቀስ ቆርጣ አፌ ውስጥ ጨመቀችልኝ።

ስንመለስም እናቴ አዝላኝ ነበር። በኋላ «ታዲያ ማን ነው የበላው?» አለችኝ።

«አያ እንድሪስ ናቸው። ሲበሉ እሰማቸዋለሁ።»

«ዝም በይ» አለችና አጥብቃ አዘለችኝ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ምሽቱ ገለጥ እያለልኝ መጣ። መጀመሪያ የምድጃው ጉልቻ፣ ቀጥሎ ምሰሶው፣ ከዚያም የአያ እንድሪስ ፊት። ብቻችንን ነበርን። ጣታቸውን ረመጡ ውስጥ ሰደው እንቁላሉን አወጡ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ላጡት፤ ወደ እኔ እየተመለከቱ በሁለት ጉርሻ ዋጡት። አስኳሉ ጢማቸው ላይ ተለድፎ ቀረ። እንዲህ የሚያስጠላ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ለካ ሁልጊዜም አታይም ብለው ሳይደበቁ ፊት ለፊቴ ነበር የሚበሉት።

ዓይኔን ሳልነቅል ስቀር ግራ ገባቸው። «ታያለሽ እንዴ?»

«አያለሁ፣ አያ።»

እናቴ እንጨቷን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። በማግስቱ እንቁላል ቀቅላ ለኔ አቀረበችልኝ፤ አልወርድ ብሎኝ አስመለስኩት። ስለዚህ በጓሮ ጎመንና ካሮት ተከለች፤ ጎመኑን ዘይት ጠብ እያደረገች እያበላችኝ ዓይኔ ዳነ። አያ እንድሪስም ከዚያ ማታ በኋላ ተረት አልነገሩንም።

ከዓመታት በኋላ ሲሞቱ፣ በሰደቃው ቀን ሽማግሌዎቹ «ተረት ከሳቸው ጋር ተቀበረ» እያሉ ያወድሷቸው ጀመር። ስሰማ ያ ማቅለሽለሽ ተነሳብኝና ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናቴ ቀድማኝ ወጥታ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«አንቺም?» አለችኝ።

«እኔም» አልኳት።

የአለንጋውን ሕመም ከረሳሁት ቆይቻለሁ፤ ለእናቴም ቂም የለኝም። ጉሮሮዬ ላይ የቀረው በልጅ መታወር ተከልለው የበሉት የኚያ ሰው ማላመጥ ነው።