የጎመኑ ጣሳ

አለም ስትደውልልኝ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከባለቤቴ ከሎሚ ጋር አንድ ወጥ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እትዬ ሎሚ ትንሽ ደክሟቸው ነው፤ ወደ ቤት ቢመለሱ» አለችኝ። ሰልፉን ትቼ በእግሬ ተመለስኩ። ሰፈር ስደርስ የእድራችን ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ነጋሪ አላስፈለገኝም።

ሎሚ ገርጂ ውስጥ ትልቅ ፎቅ ለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ምሳ ታበስል ነበር። ያን ጊዜ በየአቅጣጫው ይገነባል፤ የአባቷ ማሳ የነበረው እንኳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ሥራ አልጠፋም፣ እረፍት ግን ጠፋ። ከሥራ ስትመለስ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን አሠሪው ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው የበሰለ አትክልት መቶ ሃምሳ ግራም እንዲሆን አዘዘ። ያለው ሚዛን አንድ ነው፣ እሱም መጋዘን ውስጥ። ያን ሁሉ ሰው አሰልፎ እየመዘኑ ማብላት አይቻልም። ስለዚህ ክብደቱን ወደ ስፍር መለወጥ ነበረባት። የበሰለውን ጎመን ውሃውን አንጠፍጥፋ መቶ ሃምሳ ግራም መዘነችና የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ጨመረችው፤ የደረሰበት ላይ በሚስማር ምልክት አደረገች። ጥቅል ጎመኑንም በሌላ ጣሳ እንዲሁ። ጣሳዎቹን በምልክታቸው ልክ ያስቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። የጎመኑ አጭር ሆነ፣ የጥቅል ጎመኑ ረዘም አለ።

ለሠራተኞቹ ግን አጭር ጣሳ ማለት ስስት ነው። ድሮ በጭልፋ ስትሰጥ ምርቃት ትጨምርላቸው ነበር፤ አሁን ምርቃትም ተከለከለ። ጉዲና የሚባል ተጫዋች ግንበኛ ሳህኑን እንደያዘ፣

«እትዬ ሎሚ፣ የጎመኑ ጣሳ ጾም ያዘ እንዴ?» አላት።

«ጎመን ሲበስል ኩርምት ብሎ ይተኛል። ጥቅል ጎመን ግን ስሙ ነው እንጂ ጥቅል፣ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚተኛው።»

«እንግዲያው ይቀስቅሱልን።»

ሰልፉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ከኋላ ግን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጇ ሰሰተ» አለ።

ይህን ቃል ይዛ ቤት ገባች። ሰው አብልታ እንዲህ ተብላ አታውቅም። ደብቀሽ ጨምሪላቸው ብላት፣ ለፊተኞቹ ጨምሬ ለመጨረሻዎቹ ምን ልስጥ አለችኝ። እራት አልበላችም። ጋደም ብላ ቆየችና፣ «እኔን ስስታም?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጣራው።

በኋላ አንድ ሐሳብ መጣላት። ረቡዕ ጎመንና ጥቅል ጎመን አብረው የሚወጡበት ቀን ነው። ሚዛኑን ከመጋዘን አስወጥታ፣ በሁለቱም ጣሳ ሰፍራ፣ ሰልፉ ፊት ልትመዝንላቸው ቆረጠች። ቁልፍ ያዡንም አስፈቅዳ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከአለም ጋር ድስት ስታወርድ ወደቀች፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች። ልቧ ነው አሉኝ።

ለቅሶው ላይ ጉዲና መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና፣ እትዬ ሎሚ ደግ ሰው ነበሩ፣ በመጨረሻ ብቻ እጃቸው አጠረ አለኝ። ላስረዳው ጀምሬ፣ ድንኳን ውስጥ የጎመን ነገር ማውራት ከበደኝና ተውኩት።

አለም አሁንም በእነዚያው ጣሳዎች ትሰፍራለች። ሚዛኑ መጋዘን ውስጥ ነው። በሁለቱ ጣሳዎች የሚሰፈረው እኩል ክብደት እንዳለው ለሠራተኞቹ እስካሁን ያሳየ ሰው የለም።