የፈላ ውሃ የነካው ላባ

ሙሉመቤት ዝንብ ትሠራለች። ሰፈሩ እስኪበቃው ስቆባታል። «ሰው ዝንብ እሽ ይላል፣ አንቺ ትሠሪያለሽ!» ይሏታል። እሷም መልስ ቶሎ አይመጣላትምና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። ነገሩ ግን እንጀራዋ ነው። ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠው በዓሣ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠመጥማሉ። ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት ይውጠዋል፤ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በዚህ ይዝናናሉ አሉ። ምኑ እንደሚያዝናና እንጃ።

የዝንቡ ሆድ የሚሠራው ከአውራ ዶሮ ላባ አገዳ ነው። ግራና ቀኙ ተገፎ መካከሉ ያለችው ቀጭን አገዳ ብቻ ትቀራለች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንሽ ተዘፍዝፋ መንጠቆው ላይ ስትጠመጠም፣ አንዱ ዙር ጠቆር አንዱ ፈካ እያለ ልክ የተርብ ወገብ ይመስላል። ታዲያ ሁሉም ላባ አይሆንም። ወፍራሙ ሆዱን ይነፋዋል። የጎረምሳ ዶሮ ላባ ገና ደም ያዘለ ነው፣ ይጨፈለቃል። ሙሉመቤት ያረጀ ገብስማ አውራ ዶሮ ትይዝና አንገቱ ላይ እፍ ትላለች፤ ላባው ሲከፈት ሥሩን አይታ «ይሄ» ወይም «ይሄ አይደለም» ትላለች። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ መርጣለች፤ አንድ ቀንም አልተሳሳተችም።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ታውቃለች። እኛ ዶሮ ስናርድ በፈላ ውሃ ነክረን ነው የምንነጨው። የፈላ ውሃ የነካው ላባ ሲደርቅ ያምራል፣ እንዲያውም ያብረቀርቃል፤ አገዳው ግን ውስጡ ሞቷል። ስለዚህ ግድር መጋላ ገበያ ዶሮ የምትሸጠውን ኸዲጃን ተማጽና፣ ለሠርግ የሚታረደውን ሁሉ አንገቱን በደረቁ አስቀድማ ታስነጭ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። የጠየቃትም የለም።

ባለፈው መስከረም እህቷ ስለወለደች ሙሉመቤት ልታርሳት ድሬዳዋ ሄደች። አለቃዋ ዘውዴ ያኔ ብልጥ የሆነ መሰለውና የዘመን መለወጫውን ላባ ከየሆቴሉ በጆንያ ሰበሰበ። ሴቶቹ በመከራ ጠመጠሙት፤ ዕቃው ሄደ፣ መንገድ ላይ ደረቀ፣ ሆዱ ሁሉ ተሰንጥቆ ተመለሰ። የገዢው ወኪል ኪሩቤል ከአዲስ አበባ ተቆጥቶ ሲመጣ ዘውዴ ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«ሙሉመቤት ናት ሳትሄድ መርጣ ያስቀመጠችው» አለ። «እጇም ዓይኗም አርጅቷል።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እሷም እንደ ልማዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። በማግሥቱ ወንበሯ ተወስዶ መጥረጊያ ተሰጣት። አሥራ አራት ዓመት የመረጠችው ሴት ሌሎች የጣሉትን ላባ ስትጠርግ ከረመች። ዘውዴም ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እዚያ ጥግ ቀርቷል» ይላታል።

ሁዳዴ ገባ። ሙሉመቤት ከሥጋና ከወተት ጾመች፤ ከዘውዴ ግን አልጾመችም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ታውቀዋለች። ቢሆንም በሰገደች ቁጥር ግንባሯ መሬት ሲነካ የሚታያት የእሱ ጫማ ነበር።

ኋላ ኪሩቤል እንደገና ሊመጣ ነው፣ ምርጫውን በዓይኑ አይቶ ለመጪው ዓመት መራጩን ሊለይ ነው ተባለ። ሙሉመቤት ያን ቀን ኸዲጃ ዘንድ ወረደች።

«በጾም ዶሮ ልታሳርጂኝ ነው?» አለች ኸዲጃ።

«ላባ አይጾምም። እነዚህን ሁለት ገብስማዎች፣ ወንድማማቾቹን። አንደኛውን እንደ ወትሮው። አንደኛውን በፈላ ውሃ ንከሪልኝ።»

«ሱብሓነላህ! ስንት ዓመት ‹ውሃ አታስነኪ፣ ውሃ አታስነኪ› እያልሽ ነፍሴን ስታወጪ ኖረሽ?»

«ንከሪው።»

ኸዲጃ ቀና ብላ አየቻት። «ለማን ነው?»

«ለዘውዴ።»

«ወላሂ፣ ለእሱማ ሁለቴ ነው የምነክረው!»

ሙሉመቤት የተነከረውን በሳሙና አጥባ ጥላ ሥር አደረቀችው። ሐር መሰለ። ሌላውን ከነአቧራው፣ ከነቅባቱ ተወችው።

ኪሩቤል በመጣ ዕለት ሁለቱን በሁለት ትሪ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና መጥረጊያዋን ይዛ ጥግ ቆመች።

«አሁን የምመርጠው እኔ ራሴ ነኝ» አለ ዘውዴ። እጁን ዘረጋ። ሄዶ ሄዶ የሚያብረቀርቀው ላይ አረፈ። «ላባ ማለት ይሄ ነው! ያኛው ቆሻሻ ነው፣ አንሺው።»

አላነሳችውም።

ራሔል የምትባለው ጠምጣሚ ላባውን ገፍፋ፣ አገዳውን ዘፍዝፋ መንጠቆው ላይ አዞረች። አንድ፣ ሁለት፣ ቀጭ! ሌላ አመጣች። ቀጭ! ሦስተኛውም ቀጭ!

«እሷ ናት ያመጣችው!» ብሎ ዘውዴ ጮኸ። «ሆን ብላ ነው!»

«ሁለቱንም አምጥቻለሁ፣ ጋሽ ዘውዴ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። «የመረጡት እርስዎ ነዎት።»

ከአቧራማው ትሪ አንድ ላባ መዘዘች፣ በአንድ ትንፋሽ ገፈፈችው፣ ጥፍሯ ላይ ጠመጠመችው፤ እንደ ክር ታዘዘ። ራሔል ተቀብላ ስምንት ዙር አዞረችው። ተርብ ሆነ።

ኪሩቤል ዓይኑን ማመን አቃተው። «የአንድ ዓይነት ዶሮ አይደለም እንዴ? ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እትዬ ሙሉ?»

«እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ የመስከረሙን ማን እንደመረጠው ጋሽ ዘውዴ ይናገሩ።»

ዘውዴ ወደ ትሪው አየ፣ ወደ ሴቶቹ አየ። ሴቶቹ ዛሬ አንገታቸውን አልደፉም።

«… እኔ ነኝ» አለ ከጢሙ ሥር።

«አልሰማሁም» አለች ሙሉመቤት።

«እኔ ነኝ! እሷ ድሬዳዋ ነበረች። እኔ ነኝ!»

«ውሃው ነው» አለች ወደ ኪሩቤል ዞር ብላ። «የፈላው ውሃ።»

ኪሩቤል ወንበሯን ራሱ ጎትቶ አመጣላት። ከመቀመጧ በፊት ግን መጥረጊያውን ለዘውዴ ዘረጋችለት። ሰው ሁሉ እያየው ተቀበላት።

«ሙሉዬ» አላት ጎንበስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት። «ይቅር በይኝ። ጾም ነው እኮ።»

«ፋሲካ ሲደርስ አስብበታለሁ» አለችና አዲስ ላባ አንስታ እፍ አለችበት። «እስከዚያው እዚያ ጥግ ቀርቷል፣ ጋሽ ዘውዴ።»