ለአንድ ሰው የሚጠገን ገጽ

የነጅማ መሥሪያ ቤት ወደ ሲኤምሲ ሲዛወር «አሮጌ ዕቃ አናስገባም» ስለተባለ፣ ልደታ ያለው ቢሮ ውስጥ አራት የድሮ ኮምፒውተሮችና እሷ ብቻ ቀሩ። ድርጅቱ የማመልከቻ ቅጾች የሚሞሉበት ድረ ገጽ አለው፤ የእሷ ሥራ ገጹ በድሮ ብሮውዘሮችም፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚከፈትባቸው የቆዩ ፕሮግራሞችም፣ እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። አንዳንድ ቀን ከአፏ ቃል የሚወጣው ስልክ ስታነሳ ብቻ ነው።

የሚደውሉላትም ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ።

«የኔ ልጅ፣ ‹ላክ› የሚለው ቁልፍ ዛሬም ጠፋ።»

«እስቲ ወደ ታች ይውረዱ ጋሼ። ከሥዕሉ ሥር የለም?»

«አለ! ግን ብጫነው ብጫነው አይሰማም።»

ሁለት ቀን ፈጀባት። ሲኤምሲ ያሉት ልጆች በአዲስ አጻጻፍ የጨመሯትን አንዲት መስመር የሽማግሌው ብሮውዘር ማንበብ ስላቃተው፣ ከሷ በታች ያለውን ትእዛዝ ሁሉ ትቶት ኖሯል። መስመሯን በድሮው አጻጻፍ ጻፈቻት፤ ቁልፉንም ወደ ቦታው መለሰችው። ጋሽ ሸዋንግዛው «ሄደልኝ! ሄደልኝ!» ብለው መርቀዋት ስልኩን ዘጉ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ከዚያ በኋላ አልደወሉም። እሷ ግን ገጹ በተቀየረ ቁጥር በአሮጌው ኮምፒውተር እየከፈተች፣ የተዛነፈውን እያቃናች ሁለት ወር ቆየች። አንድ ዓርብ አለቃዋ በድሉ ደወለ።

«የድሮ ብሮውዘር ነገር ይቁም ተብሏል። ሰኞ እዚህ ግቢ።»

ይህን ለሽማግሌው በስልክ መንገር ከበዳት። በእግሯ ሄዳ፣ ሰው ጠይቃ ሱቁን አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ላፕቶፕ ተቀምጧል።

«ነጅማ ነኝ፣ ጋሼ። የድረ ገጹ።»

«አንቺ ነሽ? በድምፅሽ ትልቅ ሴት ትመስይኝ ነበር!» ብድግ ብለው እጇን ያዙ። «የእህቴ ልጅ ይቺን ካመጣልኝ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ሁሉም ይሠራል፤ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

«አላስቸገሩኝም» አለች።

ባለጉዳይ ገባ። «ሻይ ልዘዝልሽ» ብለው ቢለምኗትም «ሥራ አለብኝ» ብላ ወጣች። ሥራ ግን አልነበራትም።

ሰኞ ሲኤምሲ ገባች። አሥራ ሁለት ሰዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ተቀምጠዋል። አንዷ ፈገግ ብላ ባዶ ወንበር አሳየቻትና ወደ ስክሪኗ ዞረች።