ቁልቁለት የለመደች መኪና

ደብረ ታቦር ሳለን መኪናዬን ማንም በክፉ አንሥቷት አያውቅም። አሮጌ ናት፣ ቀለሟ ተልጧል፤ ግን ጠዋት እምቢ ብላኝ አታውቅም። መሥሪያ ቤቴ ወደ ወረታ ሲያዛውረኝ ሚስቴን ያግባባኋት በእሷ ነው። ሚስቴ ሙቀቱንም ቢምቢውንም አትወድም፤ ከሁሉ በላይ ግን እናቷን ትቶ መውረድ አልሆነላትም። አማቴ ቁርጥማት አለባቸው፤ የተነሣባቸው ቀን ደግፎ ከአልጋ የሚያወርዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

"እማዬ በጠራችኝ ሰዓት የምታደርሰኝ ከሆነ እወርዳለሁ" አለችኝ። "አንድ ቀን ካጓደልክ ግን እሷው ጋ እቀራለሁ።"

"በዚች መኪና? ተይ እንጂ!" አልኳት። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ማለት ይኼ ነው።

ወረታ ገብተን ብዙም ሳንቆይ መኪናዋ አልነሣም አለች። ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ዝም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ ሙቀቱ ባትሪውን አድርቆታል አለ። ሌላው ከሩዝ ማሳው የሚመጣው እርጥበት ነው አለ። ሦስተኛው የሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ስለማቆማት ገለባ ገብቶባት ነው ብሎ ማለ። ምክራቸው አይግጠም እንጂ ሲገፉ አንድ ልብ ናቸው። ገፉልኝ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሣች፣ ቀኑን ሙሉም ስትሠራ ዋለች። በማግስቱ ደግሞ ቀጭ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ለጥቂት ቀን ጎበዝ ሆነች፤ ከዚያ አዲሱም ሞተ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረብኝ። አሮጌ ባትሪስ ይሙት፣ አዲሱ ምን አገኘኝ ብሎ ይሞታል? በደብረ ታቦር ብርድ አድራ የምትነሣ መኪና በሞቀ አገር ምን ነካት? የባትሪውን ጫፎች ፈትቼ አጠብኩ፣ መልሼ አሰርኩ፣ ደግሞ ፈታሁ። ሚስቴ በመስኮት ታየኛለች።

አንድ ማለዳ ስልክ መጣ። አማቴ መነሣት አቅቷቸዋል፤ የደወለችው ጎረቤታቸው ናት። ሚስቴ ነጠላዋን ደርባ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞርኩ፤ ቀጭ። በመንገዱ ላይ ገና ሰው የለም። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ደግሞ ዝርግ ነው፤ ክረምት የተኛበት ውሃ እንኳ በየት እንደሚሄድ የሚቸግረው አገር ነው። ትከሻዬን ሰጥቼ ብቻዬን ገፋሁ፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ሚስቴ ወረደች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፣ ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ማታ ደወለች።

"እማዬ ተሽሏታል" አለችኝ። "እኔ ግን እንዳልኩህ ቀርቻለሁ።"

ተናደድኩ። ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰብኝ፤ ባዶ ቤት ተቀምጬ በምን እንደምመልሳት አጣሁ።

ቅዳሜ አስገፍቼ አስነሣኋትና መንገድ ላይ ሳላጠፋ ደብረ ታቦር ወጣሁ። አማቴ ደጅ ስደርስ፣ እዚያ ስንኖር እንደማደርገው፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ አቆምኳት። በማግስቱ ጠዋት ሚስቴን ለምስክርነት ጠራሁና ፍሬኑን ለቀቅኩ። መኪናዋ ተንደረደረች፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ አጓርታ ተነሣች። ዞሬ ወጣሁ።

"አየሽ? እዚህ ጤነኛ ናት! የሚያሳምማት ወረታ ነው!"

አማቴ ደጃፍ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ይችን መኪና እንደቆመች በቁልፍ ያስነሣሃት መቼ ነው?"

"እንዴ እማማ፣ ሁልጊዜ እኮ..." ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

"እኔስ ሰምቼ አላውቅም። ዝም ብላ ትወርድና እታች ስትደርስ ነው የምትጮኸው።"

እውነታቸውን ነው። የሸጠልኝ ሰው "ቁልቁለት ላይ አቁም፣ በቁልፍ የሚያስነሣትን ሞተሪኖ አታድክም" ብሎኝ ነበር፤ እኔም ደህና ምክር መስሎኝ ልማድ አደረግኩት። ታዲያ በሽታዋ የቆየ ነው ማለት ነው? አዲሱ ባትሪስ ምን አጠፋ? የባሰ ግራ ተጋባሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው አመጣሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ለካ፤ ሞተሩ ተነሥቶም ለካ። ቁጥሩ በደንብ ከፍ ማለት ሲገባው ለጥቂት ብቻ ፈቀቅ አለ።

"ባትሪው ደህና ነው፣ የሚሞላው ነው ያጣ" አለኝ። "ዲናሞው በቅጡ ቻርጅ አያደርግም። በቁልቁለት ተንደርድራ ስትነሣ እሳት ለሚለኩሰው ካንዴላ የምትሆን ትንሽ ኃይል ትበቃታለች። ሜዳ ላይ ግን ሞተሪኖው ብዙ ይበላል፤ የበላውን የሚተካለት የለም።"

የባትሪ ማስጠንቀቂያ መብራቷስ ለምን ዝም አለች ብዬ ብጠይቀው አምፖሉ ራሱ ተቃጥሏል። ዲናሞው ወርዶ ሲፈታ ኃይል የሚያስተላልፈው ካርቦን ተበልቶ አልቆ ተገኘ፤ ተቀየረ፤ ባትሪውም ተሞላ። አሁን መኪናዋን ወደ ዳገቱ አዙሬ አቆምኩና ሚስቴ ፊት ቁልፉን አዞርኩ። ወዲያው ተነሣች።

"አሁንስ ትወርጃለሽ?" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሚስቴ አለቀሰች። "መኪናህ ዳነች፣ እማዬ መች ዳነች? እዚያ ቁጭ ብዬ በየማለዳው ስልክ ልጠብቅ?"

ያን ሁሉ ጊዜ ባትሪውን ሳክም ችግራችን እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አማቴ በበትራቸው ተደግፈው ከበርጩማው ተነሡ።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "በእኔ ምክንያት ትወርጃለሽ አትወርጅም ትባባላላችሁ፤ እርስዎስ ይውረዱ ያለኝ ሰው አለ? ጉልበቴን የጨረሰው ይኸው ዳገት አይደል? ለቁርጥማት የሚበጀው የዋንዛዬ ፍል ውሃም ለናንተ ቅርብ ነው ሲሉ እሰማለሁ። በሉ ጋቢዬን አምጡልኝ።"

ቀስ እያሉ መጡና የመኪናዋን በር ራሳቸው ከፍተው ከፊት ተቀመጡ። ሞተሩ ይሠራል፤ እኔ መሪውን ይዤ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። ሚስቴ ወደ ቤት ሮጣ ገባች። ስትወጣ በአንድ እጇ የእናቷን ጋቢ፣ በሌላው የራሷን ሻንጣ ይዛለች።