ሂሩት በሩን ስትከፍት

ትናንት ከሥራ ወጥቼ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ስፈልግ ጓደኛዬ ሂሩት ደወለች። ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ መሆኑ ነው። ሰላምታም ሳታስቀድም «ያቺን ቪዲዮ ላኪልኝ» አለችኝ።

የትኛዋን ብዬ አልጠየቅኩም። መኪናዬን ማቆም የተከለከለበት ቀዩ መስመር ላይ አቆምኩና ቲኬት ቢመጣም ይምጣ ብዬ ቁጭ አልኩ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂሩት ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ አስራ አራት ዓመት ሆኗታል። ቬኬሽን የሚባል ነገር ወጥታ አታውቅም። ሃምሳ ዓመት ሲሞላት እኔ፣ ጓደኛችን ሰብለና ፌርፋክስ ላይ ቅመም የሚሸጡት እትዬ ዘነበች ጨቅጭቀን ጨቅጭቀን ክሩዝ በሚሉት የሽርሽር መርከብ ይዘናት ተሳፈርን። ከሎንግ ቢች ወደብ እስከ ሃዋይ፣ ደርሶ መልስ አስራ አምስት ቀን። የመጀመሪያው ደሴት ላይ እስኪደረስ አራት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ ነው።

ሂሩት «ኢንተርኔት አልገዛም፣ ሰው ለሁለት ሳምንት ይርሳኝ» ብላ ስልኳን አጥፍታ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ክፍልም ለብቻዋ ያዘች፤ «አንኮራፋለሁ፣ በኋላ ሐሜታችሁን አልችልም» አለች። እኔ ግን ልጄን ላገኝ ብዬ ዋይፋይ ገዛሁ። ምነው ባልገዛሁ።

በሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ እያለን ክሬንሾው ሰፈር የሚኖረው የሂሩት አጎት ልጅ ቴክስት አደረገልኝ። «የሂሩት እናት ዛሬ አዲስ አበባ አርፈዋል። አደራ እንዳትነግሯት። ስትመለስ ተሰብስበን ቤቷ ሄደን እንነግራታለን።»

ስልኩን በጠረጴዛው ሥር ለእትዬ ዘነበችና ለሰብለ አሳየኋቸው። ሂሩት እዚያው ፊት ለፊታችን ሁለተኛ ሳህኗን ይዛ ፓንኬክ ትመርጣለች።

«እንንገራት» አልኩ።

«ነግረናት ምን ልታደርግ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ዘመድ የለ፣ መሬት የለ። ብትጮህ እንኳ የት ሄዳ ትጮሃለች? ቤቷ ትግባ።»

ልክ ናቸው አልኩ። እኛ መርዶ በመንገድ አንናገርም። ተሰብስበን፣ ነጠላችንን ለብሰን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ሄደን በር እናንኳኳለን። ሁላችንም ያደግነው ይሄን እያየን ነው።

እና... ሦስት ቀን አብረናት ሳቅን። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ለጠላቴም አልመኝ።

የሂሩት ደስታ ልክ አልነበረውም። ገንዳው አጠገብ ከፈረንጆቹ ጋር ትጨፍራለች። ክፍሏ ስትገባ አልጋዋን ሌላ ሰው አንጥፎላት ስታገኘው እንባዋ ይመጣል። «አስራ አራት ዓመት ለሰው ሳነጥፍ ኖሬ፣ እስቲ እዩልኝ» እያለች አንሶላውን ታሳየናለች። እኔ ደግሞ ሽንት ቤት እየገባሁ ፊቴን እታጠባለሁ።

በአራተኛው ቀን ላይኛው ፎቅ ላይ ወጥተን «ስልክሽን አውጪና ቪዲዮ አንሺኝ፣ ለእማዬ ነው» አለችኝ። እናቷ ባሕር አይተው አያውቁም። ምን ልበል... አነሳኋት።

«እማዬ፣ አየሽ? ዳር የለውም እኮ። በሚቀጥለው አንቺን ነው ይዤ የምመጣው፣ እግርሽ ብቻ ይሻልሽ።»

አፍንጫዬን ልጠርግ ስል ስልኩ ዘመመብኝ። «ኧረ በደንብ ያዢው፣ እማዬን ያዞራታል» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚያው ቀን «ነገ ሊነጋ ሲል ደሴቷ ትታያለች» ተብሎ በማይክ ተነገረ። ሂሩትም «ካልቀሰቀሳችሁኝ እጣላችኋለሁ» አለች።

ሄድን፣ ልንቀሰቅሳት። ውጪው ይበርዳል ብለን እኔና ሰብለ ነጠላ ተከናንበናል፣ እትዬ ዘነበች ጥቁር ሻርፓቸውን ደርበዋል። የጎረቤት ሰው እንዳይነቃ ብለን ቃል ሳንተነፍስ በሩን አንኳኳን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዳችንም አላሰብነውም።

ሂሩት ከፈተች። ፈገግ ልትል ስትል አየችን። እኔን አየች፣ ሰብለን አየች፣ እትዬ ዘነበችን ከነሻርፓቸው አየች...

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ደሴቷ... ደሴቷ ታየች ብለን እኮ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። ሦስት ቀን የያዙት እንባ ግን እዚያው ከዳቸው።

«እማዬ ናት?»

አይደለችም የሚል ጠፋ።

እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠችና ጮኸች። አልጋዋን የሚያነጥፍላት ፊሊፒኖ ሰውዬ ድምጿን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ምን ሆነች ሲለኝ እናቷ ሞተው ነው አልኩት። «አሁን?» አለኝ። ደንግጬ «ኖ፣ ከሦስት ቀን በፊት» አልኩት፣ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ።

ሂሩት ለቅሶዋን አቆመች።

«ሦስት ቀን?» አለች ቀና ብላ እያየችኝ። «ትናንት ስታነሺኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እናቴ ሞታ፣ እኔ እያናገርኳት፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስልክ ያዝሽ?»

ስልኬን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩት።

ደሴቷ ላይ ወርደን በማግስቱ በአውሮፕላን ተመለስን። ሂሩት ከእኛ ርቃ ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት ሳህን ሳጥብ ሰነበትኩ፣ ቀና ብላ አላየችኝም። አርባውም አለፈ፣ ስልኬን አታነሳም... እስከ ትናንት ድረስ።

ቪዲዮውን እዚያው ቀዩ መስመር ላይ ቁጭ ብዬ ላክሁላት። ከአስር ደቂቃ በኋላ መልሳ ደወለች።

«መጨረሻው ላይ ታለቅሻለሽ» አለች። «አፍንጫሽን ስትስቢ ይሰማል። ያኔ ጉንፋን የያዘሽ መስሎኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ ሂሩትዬ።»

«ምን እንደሚያናድደኝ ታውቂያለሽ? እኔም ብሆን አልነግርሽም ነበር» ብላ ዘጋችው።

የእኔም እናት አዲስ አበባ ናት፣ ሰማንያ አልፏታል። ዛሬ ጠዋት ለሰብለና ለእትዬ ዘነበች ደውዬ «የእኔ ቀን ሲመጣ፣ ውሃ መሃል ብሆንም ወዲያው ንገሩኝ» አልኳቸው።

ሁለቱም «እሺ» አሉኝ... አንዳቸውንም አላመንኳቸውም።